ድልድዩ በተዘጋበት ሳምንት

ቁጥር የሌለው መንገድ ባለቤት የለውም። ይህን ለአዲስ ተቀጣሪዎች ሳስረዳ ፈገግ ይላሉ፤ መንገድን መንገድ የሚያደርገው ጠጠርና አስፋልት ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቁጥር ያለው መንገድ የክልሉ ነው። ክረምት ሲያፈርሰው ግሬደር ይላክለታል፣ ድልድዩ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ይሄድለታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውቶቡስ የስምሪት ፈቃድ የሚያገኘው ቁጥር ባለው መንገድ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩ የተነሣ መንገድ ለወረዳው ይተዋል። ወረዳው አካፋና የእጅ ጋሪ አለው፤ ግሬደር የለውም። ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ መንገዱን ከጅረት የሚለየው ስሙ ብቻ ይሆናል።

እኔ በክልሉ መንገዶች ቢሮ የቁጥር ክፍልን እመራለሁ። ክፍል ይባል እንጂ ሁለት ጠረጴዛ፣ አልዘጋ ያለ አንድ መስኮትና ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ ካርታ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚሄዱት ጎዶሎ ቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት ተጋማሽ ቁጥር እንሰጣለን፤ የመጀመሪያው አኃዝ አካባቢውን ይናገራል። አብራኝ የምትሠራው ካርታ ነዳፊ ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «የመንገድ አዋላጅ ነኝ፤ አንዳንዴም ቀባሪ» ትላለች። ቀባሪነቱ ቀልድ አይደለም። ክልሉ የሚያስተዳድረው የመንገድ ርዝመት በምክር ቤት የተወሰነ ስለሆነ አዲስ መንገድ እንዲገባ አንድ አሮጌ መንገድ መውጣት አለበት። የሚወጣው በቆጠራ ይለያል። የዕቅድ ክፍሉ ቆጣሪዎች መንገድ ዳር ሳምንት ተቀምጠው ያለፈውን ተሽከርካሪ በየዓይነቱ ይመዘግባሉ፤ ተሽከርካሪ የራቀው መንገድ ቁጥሩን ያጣል።

አራት መቶ አስራ ሰባት ወደ አማቴ ከተማ የሚወስደው መንገድ ነው። ቁጥሩን ያሰጠው ባሌ ነበር፤ ያኔ እሱ የቢሮው የመስክ መሐንዲስ ነበር። የቁጥሩ ሰሌዳ ከአማቴ አጥር ፊት ለፊት ተተክሏል። አቧራ በለበሰ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ «ልጄ ያመጣው ነው» ይላሉ፣ ዝናብ ያመጣ ይመስል።

ባሌ ልቡን ታሞ ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነው። አማቴ ኩላሊታቸው ከደከመ ደግሞ ሁለተኛ ዓመታቸው። በሳምንት ሁለት ቀን በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጡና ሆስፒታል እጥበት ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ እኔ ቤት አድረው በማግስቱ ይመለሳሉ። እኔ ጋ ይግቡና አብረን እንኑር ብዬ ያላልኩበት ጊዜ የለም። «ልጄን ከደጄ ቀብሬ የት እሄዳለሁ? አንቺ ነይ እንጂ» ይሉኛል። ስለዚህ የአማቴ ነፍስ በዚያ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥላለች። ቁጥሩ ከተነሣ አውቶቡሱ የለም፤ አውቶቡሱ ከሌለ እጥበቱ የለም። ይህን የማያውቅ የቢሮአችን ሰው ቢኖር እንኳ ውሃልክ ያውቃል።

ውሃልክ የባሌ የልብ ወዳጅ ነው። ስሙን ያወጣለት ባሌ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ እያሉ። የቱንም ያህል ጭቅጭቅ ቢነሣ ወደ አንዱ አያዘነብልም፣ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ መሃል ላይ ይቆማል ብሎ። ስሙ ተጣብቆበት ቀረ። ዛሬ የቢሮው ምክትል ኃላፊ ነው፤ የዕቅድ ክፍሉም በእሱ ሥር ነው። በባሌ ቀብር ቀን ክንዴን ይዞ ያቆመኝ እሱ ነበር። ወንድም የለኝም፤ ሰዎች ወንድሜ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አላርማቸውም ነበር።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢሮው ሄድኩ።

«የአራት አስራ ሰባት ድልድይ ወለሉ ተሰንጥቋል» አልኩት። «አሁን ካልተያዘ ውሃው ሲሞላ ይሄዳል።»

«ማን ነገረሽ?»

«እማማ ናቸዋ። ሾፌሩ ተሳፋሪውን ሁሉ አስወርዶ ባዶውን ነው የሚሻገረው። እሳቸውን ብቻ 'እርስዎ ይቀመጡ፣ ክብደትዎ ከምንም አይቆጠርም' ይላቸዋል።»

«ምኑ ነው ከምንም የማይቆጠረው? ምላሳቸው ብቻውን ኩንታል ይመዝናል!»

ሳቅን። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

«እህቴ፣ እኔ እያለሁ እማማ የተሰነጠቀ ድልድይ ላይ አይቀመጡም። ሰኞ ሠራተኛ አስገባለሁ።»

በቢሮአችን «ሰኞ» ማለት የሚቀጥለው ዓመት ሰኞም ሊሆን ይችላል። እሱ ያለው ሰኞ ግን የቅርቡ ሰኞ ሆነ። ድልድዩ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋ፤ አሮጌው ወለል ተነሥቶ አዲስ ተደረገ። አማቴ የእጥበት ቀናቸው እንዳያልፍ የቢሮው ፒካፕ ከወዲህ ዳር ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሠራተኞቹ በወንበር ተሸክመው በእግረኛ መተላለፊያው አሻገሯቸው። ይህን ሁሉ ያዘዘው ውሃልክ ነው። ካርታ ነዳፊዋ «እንዲህ ያለ ኃላፊ ይቀቀልና ለሌሎቹ ይከፋፈል» አለች። ኮሪደር ላይ ሳገኘው ላመሰግነው ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ። «የወንድሜ እናት አይደሉ?»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመንገድ መረብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ውሃልክ ነው። የሕግ ባለሙያው፣ የበጀት ሰውዬው፣ የስምሪት ኃላፊዋና እኔ አባላት ነን። የድንጋይ መፍጫው አዲስ መንገድ ቁጥር እንዲሰጠው ቀርቦ ነበር፤ ሰፊ መንገድ ነው፣ የጭነት መኪና ቀን ከሌት ይመላለስበታል፤ የሚከራከር አልነበረም። በምትኩ የሚወጣውን ውሃልክ አነበበ።

«አራት መቶ አስራ ሰባት።»

ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። ጆሮዬ የሰማውን ልቤ ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት።

«ምክንያቱ?» አልኩ።

«ቆጠራ። ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነው።»

«መቼ ተቆጠረ?»

«በመርሐ ግብሩ መሠረት ነው የተቆጠረው» አለ፤ ቀና አላለም። «ክፍልዎ ቁጥሩን ከካርታው ላይ ለማንሣት ይዘጋጅ። የመቃወሚያው ጊዜ እስኪያልፍ ሰሌዳው ባለበት ይቆያል።»

በሥራ ስብሰባ ላይ «እርስዎ» መባባል ወግ ነው። የዚያን ቀን ግን «ክፍልዎ» ያላት ቃል እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጀርባዬ ላይ ወረደች።

ሲበተን በሩ ላይ ጠበቀኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «እህቴ፣ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራን ምን አደርገዋለሁ? ሌሊቱን አልተኛሁም።» ከዚያ ጨመረ፤ «እማማን አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ከእኔ ከሰሙት ይከፋቸዋል።»

አመንኩት። አውቶቡሱ የሚሞላው በገበያ ቀን ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚያ ከተማ ወጣቶች እየለቀቁ መሆኑንም አውቃለሁ። ቆጠራ ስሜት የለውም፤ ለሌሎች መንደሮች ይህን ስናገር ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ በአዲሱ ድልድይ ላይ አለፍኩ። ለእኔ ጉዳይ ሲባል የተሠራ ድልድይ ነበርና እስኪርቅ ድረስ ዞሬ አየሁት።

አማቴ በረንዳ ላይ ካልሲ ሲጠግኑ ደረስኩ።

«እሰይ፣ ምሁሯ መጣች» አሉ። «ፊትሽ ምን ሆነ? ከስተሽ ነው ወይስ መስኮት ዳር ተቀምጠሽ አቧራው ነው?»

«አቧራው ነው፣ እማማ።»

ሻይ አፈሉልኝ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ሳለ እሳቸው ጀመሩ።

«ውሃልክን አመስግነሽልኛል? የዚያን ሳምንት ያደረገልኝን ልጄ ቢኖር አያደርገውም። በወንበር እኮ ነው ያሻገሩኝ! ሁለት ጎረምሳ በዚህ፣ ሁለት ጎረምሳ በዚያ። አንዱን 'ቀስ በል፣ ብወድቅ ከመላው ከተማ ጋር ነው የምትጣላው' አልኩት።»

«ሾፌሩ ክብደት የለዎትም ይል የለ?»

«እሱ አላዋቂ ነው። ቆይ ይህን አልነገርኩሽም። ከድልድዩ ወዲያ መገንጠያው ጋ ጃንጥላ ተክለው የተቀመጡ ልጆች አሉ። 'ምን ትሠራላችሁ?' ብላቸው 'ቆጣሪዎች ነን' አሉኝ። 'ምን ትቆጥራላችሁ?' 'መኪና።' 'የት አለ መኪናው?' ስላቸው አንዷ የጉድ ልጅ፣ 'እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ያለፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በጭነት እንመዝግብዎ ወይስ በሕዝብ ማመላለሻ?' አትለኝም!»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ድልድዩ ተዘግቶ ሳለ ነው?»

«ባይዘጋማ በወንበር ምን አስኬደኝ? ምነው፣ መማር አፈዘዘሽ እንዴ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ነበሩ?»

«ስሄድም ስመለስም ነበሩ። ከሰኞ ጀምሮ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። ሥራ ፈት ሆነው ሲያዛጉ አሳዘኑኝ፤ ዳቦ ሰደድኩላቸው።»

የሚጠግኑት ካልሲ የባሌ ነበር፤ በክረምት እሳቸው ያደርጉታል። መርፌው ሲገባና ሲወጣ እያየሁ የሆነውን ቀስ በቀስ አቀናበርኩት። ውሃልክ ድልድዩን የዘጋው በእኔ ልመና ነው። ቆጣሪዎቹን ያስቀመጠው በዚያው ሳምንት ነው። መኪና ማለፍ በማይችልበት መንገድ ላይ መኪና አለማለፉን አስቆጠረ። ያ ሁሉ ፍጥነት፣ ያ ፒካፕ፣ ያ ወንበር፣ ኮሪደር ላይ የጀመርኩት ምስጋና ሁሉ የዚያ ሥራ ክፍል ነበር። ሌላ ሰው ቢያደርገው እንደ በደል እቆጥረው ነበር። እሱ ሲያደርገው ምን ብዬ እንደምጠራው አጣሁ።

«ምን ልትነግሪኝ ነበር የመጣሽው?» አሉ አማቴ።

«ናፍቀውኝ ነው።»

«እኔንማ በሳምንት ሁለቴ ታገኚኛለሽ» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። አልጠየቁኝም።

ሰኞ ጠዋት ሳላንኳኳ ቢሮው ገባሁ። ጠረጴዛው እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው፤ ከኋላው ባለው መደርደሪያ ላይ እሱና ባሌ የሥራ ቆብ አድርገው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው የተነሡት ፎቶ አለ። ፊቴን አይቶ ብቻ ለምን እንደመጣሁ ገባው።

«ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «የድንጋይ መፍጫውን መንገድ አስገባ የተባልኩት ከላይ ነው። አንድ መንገድ መውጣት ነበረበት።»

«ከአራት አስራ ሰባት ሌላ አልነበረም?»

«ነበረ። ግን ለሌሎቹ የሚጮህላቸው ሰው አላቸው። አንዱ የምክር ቤት አባል አለው፣ አንዱ ነጋዴ አለው።»

«አራት አስራ ሰባትስ? እኔ አልነበርኩም?»

«ነበርሽ» አለ፤ ድምፁ አሁንም አልተናወጠም። «አንቺ ግን እኔን ታምኛለሽ።»

ከኋላው ያለውን ፎቶ አየሁ።

«እማማ ይሞታሉ።»

«አይሞቱም። አንቺ ጋ ይገባሉ። እስከ ዛሬ እምቢ ያሉት አውቶቡስ ስላለ ነው። ለአንቺም ቢሆን ብቻሽን ከምትሆኚ...»

«ስለ ብቻዬ መሆን አንተ አትናገር።»

«እሺ። ይቅርታ።»

«መቃወሚያ አቀርባለሁ። በተዘጋ መንገድ ላይ የተደረገ ቆጠራ ቆጠራ አይደለም። ተናግሬ ሳልጨርስ ይሽሩታል።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ሲዞር ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

«አታቀርቢም» አለ። «ይህን ዘዴ ከማን የተማርኩት ይመስልሻል?»

አራት መቶ አስራ ሰባት ቁጥር ከማግኘቱ በፊት ቁጥሩ የነበረው ከወንዙ ማዶ ወዳለው የወፍጮው መንደር የሚሄደው መንገድ ነበር። ውሃልክ ቆሞ ነገረኝ፣ ዓይኑን ከፎቶው ላይ ሳያነሣ። በዚያ ዓመት ናዳ ወርዶ የወፍጮው መንደር መንገድ ላይ ወደቀ። ባሌ መንገዱን ዘግቶ ናዳውን አስጠረገ፤ ቆጣሪዎቹም በዚያው ሳምንት ተቀመጡ። የወፍጮው መንደር መንገድ ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ ወጣ። በቦታው የባሌ እናት መንገድ ገባ።

«ረዳቱ ነበርኩ» አለ። «ቆጣሪዎቹን ያሰማራሁት እኔ ነኝ። 'ለእናቴ ነው' አለኝ። ምን እለዋለሁ? እሺ አልኩት።»

«ውሸትህን ነው።»

«ውሸቴን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። መቃወሚያሽን ስታቀርቢ ግን 'ከዚህ በፊትም እንዲህ ተሠርቶ ያውቃል ወይ' መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ አልዋሽም።»

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ካርታ ነዳፊዋ መሰላል ላይ ቆማ ነበር፣ ማጥፊያዋን ይዛ።

«ሟቹን ላንሣው?» አለችኝ።

«የቱን ሟች?»

«አራት አስራ ሰባትን። ምን ሆነሻል አንቺ?»

«አሁን አታንሺው። ውረጂ።»

ወረደች። እኔ በእሷ ምትክ ካርታው ፊት ቆምኩ። የወፍጮው መንደር መንገድ አሁን ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ነው፤ ካርታው በታደሰ ቁጥር እኔው ራሴ እያረጋገጥኩ ያስገለበጥኩት መስመር። የተጋባነው በዚያ ዓመት ነበር። ባሌ ለእናቱ መንገድ ቁጥር ማግኘቱን የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኝ ጎረቤቶች ጠርቼ ነበር። እሱ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንግዶቹ ሳሎን እየሳቁ ወደ እነሱ አልወጣም። «ደክሞኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እናቱ ስንሄድ በወፍጮው መንደር በኩል የሚያቋርጠውን አጭር መንገድ ትቶ ዙሪያውን ይነዳ ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ «መንገዱ ተበላሽቷል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ተበላሽቷል።

ሰው የሞተበት ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም፤ የሟቹን መልካምነት ይይዛል። እኔም ይዤ ነበር። ለማንም ሳላሳይ፣ ሳልጨምርበት፣ ሳልቀንስበት። ውሃልክ በአንድ ጠዋት ከእጄ ነጠቀኝ፤ የባሰው ደግሞ ነጥቆኝም እውነቱን መናገሩ ነው። ባሌም በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አጠገቤ ተኝቶ አልነገረኝም። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደጎዳኝ ዛሬም መልሱን አላገኘሁም።

ዝም ብል ቁጥሩ ይነሣል፣ አውቶቡሱ ይቀራል፣ የባሌ ስም ግን ባለበት ይቀመጣል። ብናገር ስሙ ይሄዳል፣ እናቱ ግን በሕይወት ይቆያሉ። ውሃልክ የትኛውን እንደምመርጥ እርግጠኛ ነበር፤ ሲያውቀኝ ኖሯልና። ሐዘኔን እንዴት እንደምጠብቅ ከእሱ በላይ ያየ የለም።

የመቃወሚያው ስብሰባ ላይ ያው አምስታችን ተቀመጥን። እሱ አጀንዳውን ከፈተና «መቃወሚያ ያለው?» አለ፣ ወረቀቱን ለመዝጋት እጁን ዘርግቶ።

«አለኝ» አልኩ። «ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአራት መቶ አስራ ሰባት ቆጠራ የተደረገው ድልድዩ ተዘግቶ ነው። ድልድዩ እንዲዘጋ የጠየቅሁት እኔ ስለሆንኩ ሳምንቱን አውቀዋለሁ። እንደገና ይቆጠር።»

የበጀት ሰውዬው ውሃልክን አየ። ውሃልክ አላየውም።

«ሁለተኛውስ?» አሉ የሕግ ባለሙያው።

«ከወንዙ ማዶ ያለው የወፍጮው መንደር መንገድ ቁጥሩን ያጣው በዚሁ ዘዴ ነው። ናዳ ሲጠረግ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ነው የተቆጠረው። ያስቆጠረው የዚያን ጊዜው የመስክ መሐንዲስ ነው። ባሌ ነው። እሱም እንደገና ይቆጠር።»

ከውጭ አንድ መኪና ወደኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት ይሰማል። የሕግ ባለሙያው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እመቤቴ፣ ሁለተኛውን መናገር አይጠበቅብዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለመጀመሪያው ብቻ በቂ ምክንያት አለ።»

«አውቃለሁ። ለብቻው ካነሣሁት ግን ሌላኛው እንደ ማስፈራሪያ ይቀመጥብኛል።»

ውሃልክ ያኔ ተናገረ። «የሟችን ስም ለምን እናነሣለን? እረፍት ላይ ያለ ሰው ነው።»

«ያነሣኸው አንተ ነህ» አልኩት።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ «አንተ» ብዬው አላውቅም። የስምሪት ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ጣለች። እሱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ በዚያው በለመድነው ድምፅ «ወደ ውሳኔ እንለፍ» አለ። ሁለቱም መንገዶች ክፍት ሆነው እንዲቆጠሩ፣ እስከዚያ አራት መቶ አስራ ሰባት ቁጥሩን እንደያዘ እንዲቆይ ተወሰነ። ማን ቆጣሪዎቹን እንደሚያሰማራ ሲጠየቅ የሕግ ባለሙያው «የዕቅድ ክፍሉ አይሆንም» አሉ። ከዚያ የበለጠ የተባለ ነገር የለም። በቢሮአችን ሰው የሚቀጣው እንዲህ ነው።

ለአማቴ ራሴ ልነግራቸው ነበር። የእጥበት ቀናቸው በማግስቱ ስለነበር እኔ ቤት ሲመጡ፣ ጋደም ካሉ በኋላ ብዬ ቃላት ስመርጥ አመሸሁ። በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ እንደ ሁልጊዜው ልወስዳቸው ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው ላይ፣ ክንዳቸው ከማሽኑ ጋር ተያይዞ፣ ጣሪያውን ያያሉ። ስገባ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ደወለልኝ» አሉ።

«ማን?»

«ማን ይደውላል? ውሃልክ። እያለቀሰ። 'ልጅዎን በሰው ፊት አዋረደችው' አለኝ።»

ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ድልድዩን ዘግቶ እንዳስቆጠረስ ነገረዎት?»

«ነገረኝ። እሱን እርሺው። የባዳ ነገር ነው፤ ባዳ ቢከዳ ይከዳል። አንቺ በሰው ፊት ተናግረሻል ወይ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አስቀድመሽ እኔን አታማክሪኝም?»

«ባማክርዎ ይከለክሉኝ ነበር።»

«እከለክልሽ ነበራ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ማሽኑም ጢጥ አለ። ዝቅ አደረጉት። «እኔ አሮጊት ነኝ። አውቶቡሱ ቢቀር ይቀራል፤ ትንሽ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ እንጂ ምን እሆናለሁ? ልጄ ግን እንዲህ ያደረግሁት ለዚህ ነው ብሎ የሚመልስበት አፍ የለውም። አፍ የሌለውን ሰው ነው የከሰስሽው።»

ደማቸው በቱቦው ውስጥ እየወጣ ሲመለስ እያየሁ ቆየሁ።

«የዚያ መንደር ሰው» አሉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ሲታመም በምን ነው የሚመጣው?»

«አላውቅም።»

«ልጄ ጠይቆ ያውቅ ነበር?»

«ለእኔ ምንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እማማ። ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን።»

ይህን ስናገር ራሴም ደነገጥኩ፤ ድምፄ የማላውቀው ድምፅ ነበር። አማቴ ያን ጊዜ ፊታቸውን አዙረው አዩኝ። ለአፍታ እጃቸውን የሚዘረጉ መሰለኝ። ከዚያ ነርሷ ገባች፣ አዲስ ልጅ ናት፣ ማሽኑን አጠፋችና ክንዳቸውን በፋሻ አሰረች።

«አበቃን፣ እማማ። የሚወስድዎት ሰው አለ? እሷ ልጅዎ ናት?»

ነርስ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ አማቴም ለሁሉም «ልጄ ናት፤ ያላማጥኩባት» ነበር የሚሉት። ጫማቸውን አልጋው ሥር በእግራቸው ፈለጉ። ጎንበስ ብዬ ላቀብላቸው ስል ቀድመው አገኙት።

«የልጄ ሚስት ናት» አሉ። «ዛሬ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው። የከሰዓቱ አውቶቡስ አለ።»

ነርሷ ከእጥበት በኋላ መንገድ ጥሩ እንዳልሆነ ልትነግራቸው ሞከረች፤ አማቴ አልመለሱላትም። ቦርሳቸውን ያዝኩ። አልከለከሉኝም፤ ክንዴን ግን አልያዙም። ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ፤ መናኸሪያው ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው። ሾፌሩ ወርዶ ደገፋቸውና «የእኔ ክብደት የለሽ» አላቸው። አልሳቁም። ከወዲያ በኩል ባለው መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ እኔ ከቆምኩበት ፊታቸው በማይታይበት።

ቦርሳቸውን ለሾፌሩ ሰጠሁት። የገበያ ቀን ስለሆነ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሰዓቱን ጠብቆ ወጣ።